ከነላስቲካቸው
ዓረብ አገር፣ ነሲም የሚባል ሰፈር ውስጥ ሹፌር ሆኜ ስሠራ፣ አሠሪዬ ስለ አፍሪካ ደራሲያን የማያደነቁረው እንግዳ አልነበረም። «ግጥም ሴኔጋል፣ ልቦለድ ናይጄሪያ!» ይላል። መጻሕፍቱ ግን ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኛ! አንድ ቀን «ያላ፣ የሐበሻ ግጥም ጻፍልኝ» አለኝ። እኔም በአማርኛ፣ «ይህ ሰው አንዱንም ገልጦ አያውቅም» ብዬ ጻፍኩለት። በወርቃማ ፍሬም አድርጎ ሳሎን ሰቀለው!

አንድ ዓርብ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ የመናዊ እንግዳ መጣ። ቀስ ብሎ አነበበውና ዞሮ አየኝ። ኸላስ፣ አለቀልኝ፤ መጠረዜ ነው፣ ወደ አገሬ መባረሬ ነው አልኩ። እሱ ግን አሠሪዬን «ጥልቅ ግጥም ነው» አለው። ሻይ ሳቀርብለት ጠጋ ብሎ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ወንድሜ፣ ለእኔም ቤት አንድ ጻፍልኝ፤ የእኔዎቹም ከነላስቲካቸው ናቸው» አለኝ።