በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ጨጓራ

እትዬ ብርቅዬ ቦንጋ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ሳያነቡ ያሳለፉት ወረቀት የለም። አለቆቻቸው አንብበው የፈረሙት ወረቀት መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ባለፈው ክረምት ሆዳቸው ተነፋ። ከሆዳቸው ውሃ ተቀድቶ ተመረመረ። ውጤቱ የተነገረው ለእሳቸው ሳይሆን ለታናሽ ወንድማቸው ለጋሽ ሰብሃት ነበር፦ ካንሰር፣ የሆድ ዕቃቸውን ሽፋን ሁሉ የወረሰ።

ወዲያው ዘመድ ተሰበሰበ። መቼም ለስብሰባ አንሰንፍም! «ለታማሚ ክፉ አይነገርም» በሚለው መርሕ መሠረት፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ፣ በሽታው ጨጓራ እንዲሆን ተወሰነ። ካንሰሩ በጉባኤው አልተወከለምና ውሳኔው አልደረሰውም፤ መስፋቱን ቀጠለ። እትዬ ብርቅዬ ቃሪያ ተከለከሉ።

ግን እሳቸው ሲገቡ ወሬ ይቆማል። ከማንኪራ መንደር የአክስታቸው ልጅ ማር ይዞ መጥቶ፣ ገና ከደጅ እንባው ይቀድመዋል። ለጨጓራ ማን ያለቅሳል? ሴትዮዋ ፈሩ። አልጠየቁም፤ የፈሩት መልሱን ነበርና።

በኋላ አዲስ አበባ ወዳለ ሆስፒታል ተወሰዱ። እዚያ አንድ ጥናት አለ፤ መድኃኒቱን በደም ሥር ብቻ ሳይሆን በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ሆድ ውስጥ መጨመር ይሻል እንደሆነ የሚፈትን። ለመግባት የፈቃድ ቅጽ መፈረም ያስፈልጋል፤ ምዝገባው በዚያው ዕለት ይዘጋል። ጋሽ ሰብሃት የጥናቱን ሐኪም ዶክተር ሩሀማን ኮሪደር ላይ ያዟት።

«እኔ ልፈርም። ወንድሟ አይደለሁም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሆዱ የእርስዎ ነው?»

«እሺ፣ ቅጹ ላይ ጨጓራ በይልኝ።»

«አልልም። አንብበው ራሳቸው ይፈርሙ።»

አርበኛው ወንድም ታዲያ ምን አደረጉ? የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች ገንጥለው ኪሳቸው ከተቱና የፊርማውን ገጽ ብቻ ለእህታቸው አቀረቡ። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ!

እትዬ ብርቅዬ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ገጽ አምስት ከአምስት ይላል። አራቱስ?»

«እነሱ የቢሮ ናቸው፣ እቴትዬ።»

«አምጣ፣ ሰብሃት።»

ወረቀቱ ከኪሳቸው ተጨማድዶ ወጣ። እትዬ ብርቅዬ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያስተካክሉት ጀመር፤ ከዚያ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «ካንሰር» የሚለው ቃል ሥር ጣታቸው ቆመ። እኚያ ተናጋሪ ወንድም ወለሉን ያዩ ነበር።

ዶክተር ሩሀማ ስትገባ እትዬ ብርቅዬ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ በቱቦ የሚገባው ያድናል?»

«አናውቅም፣ እትዬ። ለማወቅ ነው የምናጠናው። ደግሞም ማን በቱቦ እንደሚያገኝ፣ ማን የተለመደውን ሕክምና ብቻ እንደሚያገኝ በዕጣ ነው የሚለየው።»

«ዕጣው መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

እስክሪብቶ ጠየቁ። ፊርማው የእሳቸው አልመስል አለ፤ ሰረዙትና ደግመው ፈረሙ። ከዚያ የወንድማቸውን ክንድ ጨምድደው ያዙ።

«ሰኞ ድረስ ከዚህ እንዳትሄድ» አሏቸው። «ፈርቻለሁ።»