ያልበሰለ ገንቦ

ሸክላ ሠሪዋን ሰፈሩ «አንኳኪዋ» ይላታል። ገንቦ ከእቶን ሲወጣ በጣቷ አጥንት ታንኳኳዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥግ ይዞ ይደረደራል፤ ድምፁ ከታፈነ ደግሞ እዚያው ደጃፍ ላይ ትፈጠፍጠዋለች። «ነውር ያለበት ሸክላ ከቤቴ አይወጣም» ያለችው እናቷ ነበረች፤ እሷም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቃል ዝንፍ አላለችም።

ከሚፈጠፈጠው አብዛኛው የልጇ ሥራ ነው። ልጇ አርባ ሊሞላት ነው፤ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባትም፣ እሳቱ ሳይበቃ እቶኑን ትከፍታለች። እናት ታንኳኳለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ገዢ ቆሞ ጎረቤት እያየ ትሰብራለች። «የአንቺ እጅ ለመጥረጊያ እንጂ ለጭቃ አልተፈጠረም» ትላታለች። ልጅቷ መጥረጊያ ታመጣና ገሉን ትጠርጋለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ጠረገች። አንድ ቀን እንኳ «ይሁን፣ ይሄኛው ይለፍ» ብትላት ምን ነበረበት? አላለቻትም።

አንድ ጠዋት ስሙ ባሕር ማዶ የተሰማ ሠዓሊ መጣና ሦስት መቶ ትንንሽ ገንቦ አዘዘ።

«ለዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነው እማማ» አለ። «ሰው የዘመኑ ጥበብ ሥር የሌለው ይመስለዋል። ሥሩን ላሳያቸው ነው። ሥሩ እርስዎ ነዎት።»

አንኳኪዋ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። እጇ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ የመጨረሻ ሥራዋ እንደሚሆን ገብቷታል። ሃምሳ ዓመት ሰው በእሷ ሸክላ ውሃ ቀዳ፣ ቀቀለ፤ ቆሞ ያየው ግን የለም። ሳትሞት ሥራዋን ሰው ቆሞ ሲያየው ማየት ተመኘች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ልጇ ልታግዛት ሠላሳ ሠርታ አመጣች። አሮጊቷ አንኳኳች፤ ሠላሳውንም አንድ በአንድ ሰበረቻቸው።

«በዓለም ፊት ልታዋርጂኝ?»

ሦስት መቶውን ብቻዋን ጨረሰች። ጭቃው ሳይደርቅ የእያንዳንዱን ቂጥ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ የእናቷም ምልክት ይኸው ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ሠዓሊው ስልኩን ይዞ መጣ። አንኳኪዋ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ ተቀመጠች። በስልኩ ላይ ነጭ አዳራሽ ታየ፤ ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእሷ ገንቦዎች ተሞልቷል። በሩ ላይ ብርጭቆ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። አንዲት ሴት ፈራ ተባ እያለች እግሯን አንስታ አንዱ ገንቦ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ሁሉም ገቡ።

«ኧረ እየረገጡት ነው» አለች አንኳኪዋ፣ ሠዓሊው ያላየ መስሏት።

«ሥራው እሱ ነው እማማ። ድምፁን ይስሙልኝ እስቲ።»

አንድ ገል ተገለበጠና የአውራ ጣቷ ምልክት ታየ። ወዲያው ጫማ አረፈበት። አዳራሹ አጨበጨበ።

ሠዓሊው ያመጣውን መጽሔት ልጅቷ ገለጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ «ከጥንት ጀምሮ ያልታወቁ እጆች የሠሩት» ይላል።

«እኔን አታውቀኝም?» አለች አንኳኪዋ።

«እንደዚያ ሲባል ነው ጥልቀት የሚኖረው» አለ ሠዓሊው፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። «አንድ ችግር ብቻ ነበር። በጣም ጠነከሩብን፤ እንግዶቹ ለመስበር ላያቸው ላይ መዝለል ነበረባቸው፣ የአንዷ እግር ወለም አለ። ለሚቀጥለው አገር በደንብ ያልበሰለ ነው የምፈልገው።»

አሮጊቷ ያልበሰለ መሥራት አታውቅበትም። ልጅቷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እሱን ለኔ ተውልኝ» አለች። በእናቷ ደጃፍ ስትስቅ ሰፈሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አያት።

ከዚያ ወዲህ እቶኑ የልጅቷ ሆነ፤ አሮጊቷ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ሁለተኛው ጭነት ሊሄድ ሲል ልጅቷ እንደ ልማዷ እቶኑን ቀድማ ከፈተች። አሮጊቷ ሳታስበው አንድ ገንቦ አንስታ አንኳኳች። ድምፁ ታፈነ። ልትፈጠፍጠው ወደ ላይ አነሳችው።

ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ተዪው እማዬ። እሱን የሚሰብሩት እዚያ ነው።»

ገንቦውን ተቀበለችና ቀስ ብላ ሳጥኑ ውስጥ ጭድ ላይ አስተኛችው። ዙሪያውን ጭድ ተበትኖ ነበር። ከጥግ መጥረጊያውን አምጥታ ለእናቷ ሰጠቻት፤ አሮጊቷም ተቀብላ መጥረግ ጀመረች።