ማንም የማይመርጠው ተከላካይ

ይህን ነገር ባለቤቴ አታውቀውም። ወንድሞቼም አያውቁትም። አብሮ አደጎቼ፣ መስጊድ ጎን ለጎን ቆመን የምንሰግድ ሰዎች፣ አንዳቸውም ከአፌ ሰምተውት አያውቁም። አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው አንተ ነህ። ስምህን አላውቅም፣ ፊትህንም አላየውም። አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

ስትሰማው ትስቅ ይሆናል። እኔ ያጠፋሁት አንድ የጌም ተጫዋች ነው። ቴሌቪዥን ውስጥ የሚሮጥ፣ ደምም እስትንፋስም የሌለው የኳስ ተጫዋች። በእጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ አይደለም፤ ተሳስቼም አይደለም። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው የሚያስጨንቅህ ብትለኝ አልፈርድብህም። እኔም ራሴን እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ሸንግዬዋለሁ።

ጅማ፣ አወቱ መንደራ፣ አባቴ እህል ይሸጥባት የነበረችውን የፊት ክፍል ጌም ቤት አድርጌያት ነበር። ሁለት አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማሽን፣ ጨርቅ ተጠቅልሎባቸው የሚሠሩ ጆይስቲኮች፣ ግድግዳውን ተከትሎ አንድ ረጅም አግዳሚ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ልጆቹ እየጮሁ ነበር የሚያወሩት። ጎል ሲገባ ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እኔ ያን ጩኸት እወደው ነበር። ቤቴ ሞልቷል ማለት ነው፤ እኔ አንዋር ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው።

ጀማል ጊንጆ ጉዱሩ በሚባለው ሰፈር፣ አጎቱ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። እኩያዬ ነው። አጭር፣ ግንባረ ሰፊ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ልጅ። ለሰፈራችን ቡድን ቀኝ ተከላካይ ነበር። ቀኝ ተከላካይን ማን ያስታውሳል? ተሸንፈን ስንመጣ ይሰደባል፣ አሸንፈን ስንመጣ ይረሳል። እሱ ግን ሌላ ቦታ ተሰጥቶት እምቢ ያለ ብቸኛው ሰው ነው።

በዚያ የኳስ ጌም ውስጥ የራስህን ተጫዋች የምትሠራበት ቦታ ነበረ። ቁመቱን፣ መልኩን፣ አሯሯጡን፣ ጉልበቱን አንተ ትመርጣለህ። ያልሞከረው ልጅ የለም። ሁሉም ራሱን አጥቂ አደረገ፤ ሁሉም ቁመቱን አስረዘመ፤ ሁሉም ፍጥነቱን እስከ ጫፍ ሞላው። እኔም የራሴን ግብ አነፍናፊ አድርጌው ነበር።

ጀማል አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ መጥቶ ተቀመጠና ራሱን እንዳለ ሠራ። አጭር አደረገው። ዘገምተኛ አደረገው። ልጅ ሆኖ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ቀኝ እጁ ስለተሰበረ ሲሮጥ ክንዱን ወደ ጎኑ ጠጋ ያደርገዋል፤ እሱኑ የሚመስል አሯሯጥ እስኪያገኝ ድረስ አንድ በአንድ እያስሮጠ አየ። ግንባሩን አሰፋው። ከዚያ ማንም የማይመርጠው አንድ ደካማ ቡድን ውስጥ ቀኝ ተከላካይ አድርጎ አስገባው።

ልጆቹ ሳቁበት። "ጀማል፣ ራስህን ስትፈጥር እንኳ ትንሽ አታዝንም?" አልኩት።

"የሚፈጥር አላህ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። "እኔ ሰፋሁት እንጂ። ልብስ ደግሞ በልክ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲጨርስ ጎራ ይልና በዚያ ደካማ ቡድን ይጫወታል። ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ልጆቹም እየቆዩ ለመዱት፤ ያ ትንሽ ተከላካይ ኳስ ሲነጥቅ "ጀማል" እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። እውነተኛው ጀማል እንዲያ ተጨብጭቦለት አያውቅም።

አንድ ቀን የሙሽራ ልብስ ሊያደርስ ወደ አሰንዳቦ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ሬሳው መጥቶ በማግሥቱ ቀበርነው። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ሞቱ ውስጥ የእኔ እጅ የለበትም። የእኔ እጅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እናቱ አዴ ዘይነባ ይባላሉ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ጀማልና አንዲት የተዳረች ልጅ ብቻ ነበሯቸው። ከለቅሶው በኋላ ወር ያህል ቆይተው ዐስርን፣ የከሰዓቱን ሶላት ሰግደው መጡና ደጄ ላይ ቆሙ። ቤቱ ሙሉ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ተነሡ።

"አንዋር" አሉኝ፣ "ልጄ እዚህ ቤት አለ ይላሉ። እውነት ነው?"

ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት ራሱ ጀማል በሕይወት ሳለ እየሳቀ ነግሯቸው ይሆናል። "ጌም ነው፣ አዴ። ሥዕል ነው" አልኳቸው።

"አሳየኝ።"

አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸውና ያንን ቡድን ከፈትኩ። ትንሹ ተከላካይ ወጣ። ኳሱን ተከትሎ ክንዱን ወደ ጎኑ ጠጋ አድርጎ ሮጠ። አዴ ዘይነባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ኢልማ ኮ" አሉ በኦሮምኛ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከጀማል የቀረው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱም አፍጥጦ የተነሣው። የሚንቀሳቀስ ልጃቸውን የሚያዩበት ሌላ ቦታ በምድር ላይ አልነበረም። ቤቴ ውስጥ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምጣት ለመዱ። ዐስር ሰግደው ይመጣሉ፣ በበሩ በኩል ካለው የአግዳሚው ጫፍ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ልጅ በዚያ ቡድን ይጫወትላቸዋል። ተከላካዩ ሲሮጥ "ሱታ፣ ሱታ" ይላሉ፣ ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ እንደማለት። ተጠልፎ ሲወድቅ ይደነግጡና ሲነሣ ይተነፍሳሉ። ጨዋታው ሲያልቅ መርቀውን ይሄዳሉ። ይኸው ነበር። ማንንም አላስቸገሩም።

ግን ቤቱ ፀጥ አለ። በአንዲት ያዘነች እናት ፊት ማን ይሳደባል? ማን ጎል ብሎ ይጮኻል? ልጆቹ በመጀመሪያ ዐስር ላይ መምጣት ቀነሱ። ከዚያ ጭራሽ ታች መንገድ የተከፈተው አዲስ ጌም ቤት ሄዱ። ይመጡ የነበሩ የኮሌጅ ተማሪዎችም ተከተሏቸው። እኔ ባዶ ቤት ውስጥ ከአንዲት አልቃሽ ሴት ጋር ቀረሁ። የታችኛው ቤት ጩኸት ሲሰማኝ ውስጤ ይነድ ነበር።

እስቲ ስማኝ፤ ያን ጊዜ ለራሴ ያልኩትን ልንገርህ። "ይሄ ለሳቸውም ጥሩ አይደለም" አልኩ። "የሞተ ሰው ይረፍ። ሥዕል እያዩ መኖር ልብን ያደርቃል። አላህም አይወደው ይሆናል።" እንዲህ አልኩ። ውሸቴን ነበር። ስለ እሳቸው ልብ አንዲት ቀን አስቤ አላውቅም። ስለ ቤቴ ነበር ያሰብኩት። ለእሳቸው አስቤ ቢሆን ኖሮ በግልጽ "አዴ፣ ይብቃዎት" እላቸው አልነበረም? ወይም ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን ይምጡ ብል ምን ነበረበት? ይህ ቀላል ነገር እንኳ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። አሁን በየቀኑ ትዝ ይለኛል።

አንድ ቀን ከመምጣታቸው በፊት ብቻዬን ተቀመጥኩና ተጫዋቾቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ከፈትኩ። ጀማል እዚያ ቆሟል፤ ማሽኑ ባለበት ያወዛውዘዋል፣ እስትንፋስ ያለው ይመስል። ማሽኑ ላጥፋው ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። ማሽን እንኳ ደግሞ ጠየቀኝ። እኔ ራሴን አልጠየቅኩም። አጠፋሁት። የሄደበት ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

የራሴን አጥቂ አላጠፋሁም። እሱ እዚያው ነበረ።

አዴ ዘይነባ መጡና እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። መቼም ጅማ ላይ መብራት ሄደ ብትል የማያምን የለም።

"አዴ፣ ጀማል ጠፋ" አልኳቸው። "መብራት ድንገት ሄደብኝ። ሲመለስ ማሽኑ ተጫዋቾቹን የሚያስቀምጥበት ካርድ ተበላሽቶ አገኘሁት።"

ቴሌቪዥኑን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ ያለቅሳሉም ብዬ ነበር።

"አንተ አጠገቡ ነበርክ?" አሉኝ።

አልገባኝም። "የት፣ አዴ?"

"ሲሄድ ነዋ። እዚህ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ያን ጊዜ መንገድ ላይ ሲወድቅ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ አልነበረም። እኔም አልነበርኩም። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። አሁን እንኳ አንተ ነበርክ። ገላቶሚ፣ አመሰግንሃለሁ፣ ልጄ። አንተ ምን ታደርግ፣ አይዞህ።"

አጽናኑኝ። እኔን አጽናኑኝ። እጄን ይዘው፣ ያንኑ ቁልፍ የተጫንኩበትን እጄን እያሻሹ አመሰገኑኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት በሩን ሳልከፍት ጀማልን እንደገና ልሠራው ተቀመጥኩ። ይቻላል ብዬ ነበር። ግንባሩን አሰፋሁ። ዓይኖቹ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ ቅርባቸውን ከርቀታቸው አላውቀውም። አፍንጫውን አላውቀውም። አሯሯጦቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁሉም ይመስላሉ፣ ሁሉም አይመስሉም። ከልጅነታችን ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ሰው ነው፤ ለካ አይቼው አላውቅም። በግምት ጨረስኩትና እሳቸውን አስጠራሁ።

ጥቂት አዩት። ኳስ ሲቀበል፣ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ አዩት። "ሱታ" አላሉም።

"ይሄም የእናት ልጅ ይሆናል" አሉኝ በቀስታ። "የኔ ግን አይደለም። አትልፋ።" ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጌም ቤቴ ገብተው አያውቁም።

ልጆቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ጩኸቱ ተመለሰ። እንዴት እንደማልወደው ብነግርህ ታምነኛለህ? እውነቱን ልንገርህ፤ ለጥቂት ጊዜ ወደድኩት። ጸጸት ወዲያው የሚመጣ ይመስልሃል። እኔ ላይ ቆይቶ ነው የመጣው፤ ስልኩ በየሰው እጅ ሲገባና ጌም ቤቱ ለዘላለሙ ባዶ ሲሆን። አሁን በዚያችው ክፍል ስልክ እጠግናለሁ። ያጠፋሁለት ነገር ራሱ ብዙ አልቆየም።

አዴ ዘይነባ ግን መንገድ ባገኙኝ ቁጥር ያቆሙኛል። ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ያስተዋውቁኛል። "ይሄ አንዋር ነው፣ ልጄን የሸኘው" ይላሉ። ሰው ስለ የትኛው መሸኘት እንደሚያወሩ አያውቅም፤ ሬሳውን የተሸከምኩ እኔ ብቻ ይመስለዋል። ስሜ በደግ ተነሣ። ሚስት ሳገባ ዱዓ አድርገውልኛል። ልጄ ሲወለድ ዳቦ ይዘው መጥተዋል። እኔም ዳቦውን በላሁ።

አንድ ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ነበር። ታመው የተዳረችው ልጃቸው ቤት ተኝተው ነበር። አልጋቸው ጫፍ ተቀመጥኩና "አዴ፣ ስለ ጀማል የምነግርዎ አለኝ" አልኩ። ፊታቸው በራ። "ንገረኝ" አሉ፣ "ስለ ጀማል የሚነግረኝ ሰው ጠፍቷል።" ያን ፊት እያየሁ እንዴት ልበል? ስለ ማንጎው ዛፍ፣ ስለ ሰፈራችን ቡድን፣ ቡድናችን ሲሸነፍ ስለሚሰደበው ስድብ አወራሁላቸው። ሳቁ። ደስ ብሏቸው ሸኙኝ። ደጅ ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም። ለራሴ ይመስለኛል። ፈሪ የሚያለቅሰው ለራሱ ነው።

ዘንድሮ ሞቱ።

ሊሰገድባቸው ጀናዛቸው ፊታችን ተቀምጦ ሳለ ወንድማቸው ወደ ሰዉ ዞሩ። እንደ ደንቡ ጠየቁን፤ "ሟቿ የሰው ሐቅ ያለባቸው እንደሆነ ባለሐቁ ይናገር፤ የሌለ እንደሆነ አውፍ በሏቸው" አሉ። የቆመው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ "አውፍ ብለናል" አለ።

እኔም ከሰዉ ጋር አልኩ። በዚህ አፌ ይቅር አልኳቸው። እኔ፣ እሳቸውን።

የሟቿ ሐቅ ያለበት ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። ቢጠየቅስ ኖሮ እጄን አወጣ ነበር? ማውጣቴን እጠራጠራለሁ፤ ይህንንም አልሸሽግህም።

በደሉ በአላህና በእኔ መካከል ቢሆን ኖሮ ተውበት አድርጌ ተስፋ አደርግ ነበር። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ አይነሣም ብለው አስተምረውናል። የሐቁ ባለቤት ደግሞ አፈር ገብተዋል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው በእጅህ የለም። ልጅ ነበርክ አትበለኝ፤ አልነበርኩም። ጌም ነው አትበለኝ። አንዲት እናት ልጇን የምታይበትን አንድ ቀዳዳ እያየሁ ደፈንኩት፤ ቤቴ እንዲጮህልኝ ብዬ። አጠፋሁት። እኔ ነኝ።