ባዛሩ ላይ የለቀቅኩት እጅ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለልጄ እናትም፣ ለንስሐ አባቴም። የሆነውን እኔና አንዲት ጫማ ነጋዴ ብቻ እናውቃለን። አሁን እርስዎም ያውቁታል።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ቡራዩ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ገና ጀማሪ ሳለሁ ለተማሪዎቼ አንድ ሕግ አውጥቼ ነበር፤ ሰው መሃል ከጠፋችሁ ባላችሁበት ቁሙ፣ አትሩጡ፣ ከማታውቁት ሰው ጋር አትሂዱ። በዜማ ይሉታል። ለልጄ ለሲፈንም አስተማርኳት። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር።

የገና ሰሞን ሜዳው ላይ ባዛር ተተከለ። አመሻሽ ላይ ሁለታችን ብቻ ሄድን። በአየር በሚነፋው መንሸራተቻ ተንሸራተተች፣ ጥጥ ከረሜላ ገዛሁላት፣ ፊቷ ላይ ቢራቢሮ አሳልኩላት። ደስ ብሏት ነበር። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ያስተማርኩትን ሳልፈትን አላድርም።

ጠፋች አልልም። እኔ ነኝ እጇን የለቀቅኩት። ስልክ የማወጣ መስዬ ጣቶቼን ከጣቶቿ መሃል አሾለክሁና ብርድ ልብስ ከሚሸጥበት ድንኳን ጀርባ ገባሁ። ሦስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ነበር።

ዞር ስትል የለሁም። አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ከዚያ ቆመች። ልክ እንደ ሕጉ! ደስታዬን እንዴት ልንገርዎ? ለወላጆች ስብሰባ አሳየዋለሁ ብዬ በስልኬ መቅረጽ ጀመርኩ። ሦስቱ ደቂቃ አለፈ። ትንሽ ልጨምር አልኩ። ስለምን? እየተሳካልኝ ስለነበር። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

አጠገቧ የልጆች ጫማ የምትሸጥ ሴትዮ አየቻት።

«ኢንተለ ኮ፣ ኮቱ! ነይ ልጄ፣ ከብርዱ ግቢ» አለቻት።

«አባዬ ቁሚ ብሎኛል።»

«አባትሽ የታለ?»

ሲፈን ወደ ሰዉ መሃል አየች። ጥጥ ከረሜላው እጇ ላይ ሟሙቶ እንጨቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሴትዮዋ ቀና ስትል ስልክ የደገንኩትን እኔን አየችኝ። እየተንደረደረች መጣች።

«ያንተ ናት?»

«አዎ። ልምምድ ነው እትዬ፣ ስትጠፋ ምን ማድረግ እንዳለባት እያስተማርኳት…»

«ልምምድ? በልጅ ነፍስ ነው የምትለማመደው? ሽንቷ አምልጧት እኮ ነው! አይን የለህም?»

አይን ነበረኝ፤ ስልኩ ላይ ነበር። ወደ ልጄ ሮጥኩ። ስታየኝ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

«አባዬ፣ ጠፋሁ» አለችኝ።

ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ እንኳ ይጽፈዋል። እኔ ግን ምን አልኩ? «እጄን ለምን ለቀቅሽ?» አልኳት።

አልካደችም። እጇን አየች። እውነትም እሷ የለቀቀችው መስሏት እጇን አገላብጣ አየችው። «ይቅርታ አባዬ» አለች። ሴትዮዋ ከዕቃዋ መሃል ደረቅ ሱሪ አውጥታ እያለበሰቻት ነበር፤ ሰምታለች። ቀና ብላ አየችኝና «አላህ አይቷል» አለች።

ለእናቷ፣ ሲፈን እጄን ለቃ ጠፍታ እንደነበር፣ ሕጉን በማወቋ እንዳገኘኋት ነገርኳት። አመሰገነችኝ። በወላጆች ስብሰባም ቪዲዮውን ትቼ ታሪኩን ብቻ አወራሁ። ተጨበጨበልኝ። አዎ፣ ቆሜ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

ቪዲዮው ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በባዛሩ ዘፈን ምክንያት ድምፅዋ አይሰማም፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ቃሉን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አየሁት። ሕጉን ነው የምትለው። ባላችሁበት ቁሙ፣ አትሩጡ። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሰች፣ እኔ እስክመጣ ድረስ። እኔ ደግሞ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ።

አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። የትም ስንሄድ ጥፍሯ መዳፌ ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ አጥብቃ ትይዘኛለች። ትናንት የአምቦን መንገድ ስንሻገር ቀና ብላ «አባዬ፣ አሁን እኮ አልለቅህም፤ አድጌያለሁ» አለችኝ።

«ጎበዝ» አልኳት።

ጎበዝ! ትናንትም፣ ከሦስት ዓመት በኋላም፣ እውነቱን አልነገርኳትም!

ጀማሪ ነበርኩ አልልም፤ ለደህንነቷ አስቤ ነው አልልም። ከእርስዎም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር የማለቱ መብት የእርስዎ አይደለም። የእሷ ነው። እሷ ደግሞ ምን እንደበደልኳት ስለማታውቅ፣ እስከ ዛሬ ይቅርታ የምትጠይቀኝ እሷ ናት።