ጠርሙሷ ቆሰበር ላይ ዝም ስትል

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ከሾፌሩ ከአቶ ደምሴ ጋር ነው፤ የጎጃምን መሬት የመግነጢስ ጉልበት ለክቼ ለካርታ ላመጣ። መሣሪያዬ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባት፣ ውሃ የሞላች ጠርሙስ ናት። በሽቦው ኤሌክትሪክ ለቅቄ ሳቋርጠው በጆሮ ማዳመጫው ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ ከፉጨቱ ቅጥነት የመሬቱን ጉልበት አሰላለሁ። አለቃዬ ሲሸኙኝ ፉጨቱ ያልጠራበት ቦታ ካርታው ላይ ባዶ እንደሚቀር አስጠንቅቀውኛል።

ቆሰበር

ዓባይን ተሻግረን፣ ቡሬን አልፈን ቆሰበር ስንገባ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አባ ፈንቴ የተባሉ ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸው ዳር እንድለካ ፈቀዱልኝ፤ የተቀቀለ ድንችም በአዋዜ አቀረቡልን። ጠርሙሷ ግን ማፏጨት ከመጀመሯ ጸጥ ትላለች። ቦታ ብቀያይርም ያው ነው። አገሩ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ መግነጢሱን ያዘበራርቀዋል። ተበሳጭቼ ዕቃዬን ስሰበስብ አባ ፈንቴ ምን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ። ካርታው ላይ ቦታው ባዶ እንደሚቀር ነገርኳቸው።

«እኛ እያለን?» አሉ።

የልኬት መዝገቤን አጥፌ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ዳንግላ

የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱን ጋሪ ሞልቶታል። ከከተማው ወጣ ብዬ ስለካ ፉጨቱ ረጅምና ጥርት ያለ ሆነ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የሽማግሌው ጥያቄ እህል አላስበላ አለኝ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ነገሩ ተገለጠልኝ። የቆሰበሩ ድንጋይ ለጠርሙሷ አንድ ጎን ብዙ፣ ለሌላው ጎን ጥቂት ጉልበት ይሰጣል። ስለዚህ ዜማውን አብረው ጀምረው እንደሚለያዩ የቆሎ ተማሪዎች የውሃው ድምፅ ቶሎ ይበታተናል። መጀመሪያው ግን እውነተኛ ነው። ጠርሙሷን ከድንጋዩ ባርቃት፣ መጀመሪያውን ብቻ ብቆጥርና ደጋግሜ አማካዩን ብወስድስ?

እንደገና ቆሰበር

አባ ፈንቴን ረጅም ቀርከሃ ለመንኳቸው።

«ምን ልትሰቅልበት ነው ልጄ?»

«ጠርሙስ።»

«አረቄ ከሆነ ዝቅ ይበል» አሉና ከጓሯቸው ረጅሙን ቆርጠው ሰጡኝ።

ጠርሙሷን ጫፉ ላይ አስረን አቆምነው። ፉጨቱ አሁንም አጭር ነው፤ ለመቁጠር ግን ይበቃል። እጃችን እስኪደነዝዝ ደጋገምነው፤ ቁጥሮቹም እየተቀራረቡ መጡ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አባ ፈንቴ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «እስቲ ድገመው» አሉኝ።

አዲስ አበባ

አለቃዬ የቆሰበርን ልኬት ሲያዩ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨፈገጉ። አሠራሩን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጉዞው ያስተማረኝን ስናገር አላፈርኩም፦ መሬቱን ተበላሸ ከማለት በፊት አሰማማችንን ማረም አለብን። ሒሳቡን ራሳቸው ደግመው ሠሩና ቁጥሩን ካርታው ላይ በቀለም ጻፉት። ከዚያ ቀና ብለው፣

«እስከ ዛሬ ባዶ የተውናቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?» አሉኝ።