የአስፋልት ጫማዬ ጨነቅ ወጣ

ዛሬ ጠዋት ለልምምድ ልወጣ ስል የመሮጫ ጫማዬ የለም። በቦታው የእህቴ ወፍራም የተራራ ጫማ ቁጭ ብሏል።

እሷ ከጓደኞቿ ጋር ገደላማውን ተራራ ልትወጣ ወደ ጨነቅ ሄዳለች። የእኔው ጫማ የአስፋልት ነው፤ ሶሉ ልሙጥ ስለሆነ ጭቃ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዚያው በኩል ደባርቅ ደግሞ ዝናቡ አላባራም። ስልኳም አይሠራም።

አባቴ ሊያጽናኑኝ ብለው «እኛ ያን ሁሉ ገደል በኮንጎ ጫማ ነበር የምንወርደው» አሉኝ። ጭራሽ ገደሉን አስታወሱኝ!

አሁን ገና ደወለች።

«አታስቢ፣ ጓዛችንን የጫነልን በቅሎ ነጂ ኮንጎውን ሰጥቶኛል። ምንም አያንሸራትትም።»

«እሱስ ምን ተጫማ?»

«ያንቺን፤ ተረከዙን ረግጦ።»

ስሙን ሳልጠይቃት መስመሩ ተቋረጠ። አሁን ማን ብዬ ልጸልይለት?

እናንተንስ ያለቦታው የተደረገ ጫማ እንዲህ አስጨንቋችሁ ያውቃል?