የሴቶች እድር ብቸኛው ወንድ

እንጅባራ በኖርንባቸው ዓመታት በሴቶች እድር ውስጥ የማገለግል ብቸኛው ወንድ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ሐኪም ናት። አባሏ እሷ ብትሆንም ለቅሶ በተደረሰ ቁጥር ሆስፒታል ተረኛ ሆና ስለምትገኝ፣ ሽንኩርት የምልጠው እኔ ነኝ። የሒሳብ መምህር መሆኔ ማንንም አላሳሰበም። ሴቶቹ መጀመሪያ ሰሞን አፈሩልኝ፤ ኋላ ግን ልጣጩን አወፈርከው ብለው ይቆጡኝ ጀመር። በዚያ ላይ የሐኪም ባል ነው ብሎ መንገድ ያገናኘኝ ሁሉ የወገቡን ሕመም ይነግረኛል። እኔም ውሃ በደንብ ጠጣ እለዋለሁ። እስካሁን የሞተብኝ የለም።

አንድ ክረምት ግን ባለቤቴ አንድ ታካሚ ሞተባት። ሟቹ አጥር የምንጋራቸው፣ ፈረሳቸውን እንደ ልጅ የሚንከባከቡ ሽማግሌ ነበሩ። የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኙ፤ ሚስታቸው አጥሚት ሊያመጡ ወደ ቤት እንደሄዱ ባለቤቴ እጅ ላይ አረፉ። ባለቤቴ ከቀብሩ ቀረች።

"በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አለችኝ፤ ሚስታቸውን ማለቷ ነው። ያ አጥር ከዚያ ቀን በኋላ ግንብ እንዳይሆንብን ፈራሁ። እንደ ልማዴ ቢላዬን ይዤ ለቅሶ ቤት ሄድኩ።

ጓሮ ያሉት ሴቶች ድንች አቀብለውኝ ዞር አሉ። ልጣጬን እንኳ የነቀፈ አልነበረም። ሐኪሟ ገደለቻቸው ብለው ነው ብዬ በገንኩ፤ ድንቹን ስልጥ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ። ይሄኔ የሟች ባለቤት አስጠሩኝ።

"አንተ ይብቃህ ልጄ። እሷን ላክልኝ።"

የእንጅባራ ሰው ፊት ሊያዋርዷት ነው አልኩ በሆዴ። ቢሆንም ሐዘንተኛን እምቢ አይባልም። ሄጄ ነገርኳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ።

ሴትዮዋ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት።

"እኔ አልነበርኩም፤ አንቺ ነበርሽ" አሏት። "መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

ባለቤቴ አቀረቀረች።

"'ፈረሱ ውሃ ጠጥቷል ወይ?' አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ።" ይህን ብላ አለቀሰች።

ሴትዮዋ እጇን ይዘው፣ ሰውዬው እዚያው የቆሙ ይመስል ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ።

"ጠጥቷል" አሉ ጮክ ብለው። "በጠዋት ነው ያጠጣሁት፤ አታስብ።"